ባዶ ነው ያልሁት ቴፕ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓት የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ አልቀዳም እያልሁ ከአለቃ ጋር ስጨቃጨቅ ለኖርሁ ሴት፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰዓት። አጨበጨቡልኝ፣ እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ፣ ቤቴ ስደርስ ባትሪውን አውጥቼ ኩሽና ሰቀልሁት። እስካሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሟል።

የሬዲዮ ድምፅ ቀጂ ነበርሁ። ከጡረታ በኋላ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤቴ ጓሮ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ከፈትሁ። የሥራ ዘመንሽን ትዝታ ጻፊው እያሉ የወተወቱኝ ወዳጆቼ ማወቅ የሚፈልጉት ግን ስለ ሬዲዮው እንዳልሆነ አይጠፋኝም። የሚፈልጉት ስለ ዘፈኑ ነው። «አንድ ሰው የቀረው» የተባለውን፣ ባሕር ዳር ውስጥ ያልጮኸበት ሚኒባስ የሌለውን ዘፈን የቀዳሁት እኔ ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ መንገድ ላይ አስቁሞ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «እትዬ ውባለም፣ እዚያ ዘፈኑ ቆም የሚልበት ላይ የሚተነፍሰው ማን ነው?» ይለኛል። እኔም «ማንም የለም፣ ጆሮህ ነው» እያልሁ ሳልፍ ቆየሁ። ውሸቴን ነበር። ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ እዚያ ያስቀመጥሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከጋሽ ይርጋ መጀመር አለብኝ።

ሬዲዮ የገባሁት በታይፒስትነት ነበር። የድምፅ ክፍሉ ሰው ሲጎድልበት «ይቺ ጣቷ ፈጣን ነው» ተብዬ ተዛወርሁ። ደመወዙ ያው ነው፤ ደብዳቤው ላይ ብቻ «ቴክኒሻን» የሚል ተጻፈልኝ፣ እናቴም ልጄ ኢንጂነር ሆነች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይርጋ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ የማይሰማ ሰው። ጫማው ሁልጊዜ የጎማ ሶል ነው። ለቀረጻ ስንወጣ ኪሱ ውስጥ ሳንቲምም ቁልፍም አይዝም። ሳንበላ ሥራ እንድንጀምር አይፈቅድም፤ የተራበ ሆድ ይናገራል፣ ማይክም ሆድ ሲናገር ይሰማል ይለን ነበር። ስንቱን የገጠር ቃለ መጠይቅ የሆዴ ጉርምርምታ እንዳበላሸው ስለማውቅ በዚህ አልከራከረውም።

ከልማዶቹ ሁሉ ትልቁ ግን የአንድ ደቂቃው ነገር ነበር። የትም ስንሄድ፣ ማንንም ከመቅዳታችን በፊት፣ ሁሉም ሰው ዝም እንዲል አድርጎ የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቴፑ መጀመሪያ ላይ ይቀዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚሠራልን ጠየቅሁት።

«ዝም ያለ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስልሻል?» አለኝ። «የወፍጮ ቤት ዝምታና የመቃብር ቤት ዝምታ አንድ ነው? ሰው ሲናገር ቆርጠን እንቀጥላለን። በመሐል ቀዳዳ ይቀራል። ያንን ቀዳዳ የምትደፍኚው በዚያው ቤት ዝምታ ነው። የሌላ ቤት ዝምታ ከለጠፍሽበት ሰሚውን ይቀፍፈዋል። ለምን እንደቀፈፈው ሳያውቅ ሬዲዮውን ይዘጋዋል።»

ቢሮ ስንመለስ ያችን ደቂቃ መልሶ እያሰማ ይፈትነኛል። ዓይኔን ያስጨፍነኝና «ስንት ሰው ነን?» ይለኛል። ትንፋሽ መቁጠር ነው ሥራው። ሦስት ነን ስለው «አራት ነን፤ በሩ ላይ የተደገፈውን ዘበኛ ረሳሽው» ይላል። እያደር ጆሮዬ ተከፈተ። ወፍራሙን ከቀጭኑ፣ ሽማግሌውን ከጎረምሳው በትንፋሹ እለይ ጀመር። አንድ ጊዜ እንፍራንዝ ሄደን፣ ባለቤቶቹ ለቅቀውት የሄዱትን አሮጌ ቤት ዝምታ ቀዳን። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ጋሽ ይርጋ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆጠረ። ደግሞ መልሶ ቆጠረ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ «እንሂድ» አለኝ። ስንት እንደቆጠረ እስኪሞት ድረስ አልነገረኝም፤ እኔም ያንን ቴፕ ለመስማት ድፍረቱ አልነበረኝም።

በዚያ ዘመን አንድ አለቃ ነበረን፤ ስሙን አላነሣም፣ ልጆቹ ያነቡ ይሆናል። ይህ የደቂቃ ዝምታ ያበሳጨው ነበር። «ባዶ አየር ለመቅዳት ነው ቴፕ የምንገዛው?» እያለ ጋሽ ይርጋን በስብሰባ ላይ ይወርፈው ነበር። ቴፕ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበር፣ ያገለገሉ ቴፖች እየተደመሰሱ እንደገና እንዲቀዳባቸው ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ከመቅዳታችሁ በፊት ቴፑ ባዶ መሆኑን ትንሽ አዳምጡ የሚል ነበረበት። ትንሽ የሚለው ስንት እንደሆነ አልተጻፈም።

መሪጌታ ኅሩይን የምቀዳበት ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሪጌታ ከባሕሩ ዳርቻ ደብሮች ባንዱ የአቋቋም መምህር ነበሩ። የሚያውቁትን የዜማ አካሄድ እንደሳቸው አድርጎ የሚያዜም ሌላ ሰው አልቀረም ይባል ነበር። ጋሽ ይርጋ ድምፅዎን ላስቀርልዎ እያለ ለዓመታት ሲመላለስ እሺ አላሉትም። ለእግዚአብሔር የወጣ ድምፅ ማሽን ውስጥ ምን ይሠራል የሚሉ ካህናት ነበሩ፤ እሳቸውም እነሱን ማስቀየም አልፈለጉም። በመጨረሻ ሕመም ሲጫናቸው ራሳቸው ላኩብን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እስኪሞቱ ድረስ ቴፑ ላይ ስማቸው እንዳይጻፍ።

በጀልባ ሄድን። ጎጇቸው ውስጥ የደንገል ቄጠማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሴት ልጃቸው ጥሩወርቅ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ እኩያዬ ናት። ማይኩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጋ እንደ ልማዱ አንድ ደቂቃ ዝም እንድንል ጠየቀ። መሪጌታ «ደግ ነው፣ ዝምታም ጸሎት ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሩቅ ውኃው ይሰማል፣ ምንጣፉ ከሥራቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ደቂቃው ሊሞላ ሲል በአፍንጫቸው ሁለቴ አጭር አጭር፣ አንዴ ረጅም አየር ሳቡ። ከዚያ ጀመሩ። ያን ድምፅ እንዲህ ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ቀጥሎ ከሠራሁት በኋላ መብቱም የለኝም። ቴፑ እስኪያልቅ አዜሙ። ሲጨርሱ ልጃቸውን ጠሩና «ድምፄን እዚህ ትቼልሻለሁ፣ ስሞት አታልቅሺ» አሏት።

ወር ሳይሞላ ዐረፉ። ጋሽ ይርጋ እህቱ ሞታበት እንፍራንዝ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ስማቸውን ቴፑ ላይ ሳይጽፍ ነው የሄደው። እኔ በዚያ ሳምንት ቆጋ ሄጄ የድንች ዘር ስለሚያባዙ ገበሬዎች ፕሮግራም እንድቀዳ ታዘዝሁ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፣ ጋዜጠኛው ጥሩምባ ያስነፋል። መደርደሪያው ላይ ባዶ ቴፕ የለም። የጋሽ ይርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ቴፕ አገኘሁ። ትእዛዙ በሚለው መሠረት ማሽኑ ላይ አድርጌ ትንሽ አዳመጥሁ። ዝም ነው። ቆየሁ፤ አሁንም ዝም ነው። ስስ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ሮጬ ስለመጣሁ የራሴ ነው ብዬ አሰብሁ። ባዶ ነው አልሁ። ካቆምሁበት ሳልመልሰው ይዤው ሄድሁ፤ ቆጋ ስደርስ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንሁ፣ ቴፑ እስኪያልቅም ቀዳሁበት።

ዝምታን እንዳዳምጥ ያን ያህል የተማርሁ ሴት፣ የአንዱን ደቂቃ ዝምታ ባዶ ቴፕ ነው አልሁት። ያ ደቂቃ ባይኖርበት ገና እንደጀመረ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ አስቤ እንደተንገበገብሁ ቁጥር የለውም።

ጋሽ ይርጋ ከለቅሶ ሲመለስ በመጀመሪያ የፈለገው ያንን ቴፕ ነው። ከተመለሱት ቴፖች መሐል አገኘው። ማሽኑ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ለደቂቃው ያህል ፊቱ ሰላም ነበር። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ እኔ ጆሮ ላይ አደረገው፣ መልሶም አጫወተው። ውኃው፣ ምንጣፉ፣ በአፍንጫ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ወዲያው «የተከበራችሁ አድማጮች፣ የድንች ዘር ስንመርጥ…» የሚል የገበሬ ድምፅ።

ለአርባቸው ሁለት ቀን ሲቀር ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሳ መጣች። የአባቷን ድምፅ በተዝካሩ ላይ ለማሰማት ፈልጋ ነው። በር ላይ ያገኘችው እኔን ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርሁ፤ «አልቀዳም። ማሽኑ ድምፃቸውን አልተቀበለውም» አልኋት። ጋሽ ይርጋ ከኋላዬ ቆሞ ሰማኝ። አላረመኝም። ጥሩወርቅ «አልተቀበለውም?» ብላ ደገመችው። ከዚያ አመስግና ሄደች፤ ማመስገኗ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጋሽ ይርጋ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣውም። ጡረታ የወጣ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ያው ቴፕ ነበር። «ያንቺ ነው። አትስሚውም፣ አትጥዪውም» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀበርነው።

ከዚያ ሥራው ሁሉ ተለወጠ። ቴፕ ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ፣ የኛን ክፍል ሥራ በስልኩ የሚሠራ ጋዜጠኛ መጣ። ጡረታ ስወጣ የጋሽ ይርጋን ዝምታዎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኋቸው፤ የእንፍራንዙን ቴፕ ብቻ ሳልከፍተው ተውሁት። የመሪጌታንም ገለበጥሁ። አትስሚው ተብዬ ሰማሁት። አንዳንድ ቀን ሥራ ስፈታ እከፍተዋለሁ፤ ረጅሙን ትንፋሽ ሲስቡ ድንቹ ሳይመጣ አቆመዋለሁ።

ስቱዲዮዬ ሰፊ አይደለችም። ግድግዳውን በደንገል ነው ያለበስሁት፤ ከስፖንጅ የተሻለ ድምፅ ይመጥጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም አይባልም። የሠርግ ዘፈንና የትምህርት ቤት መዝሙር ስቀዳ ቆይቼ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ሦስት ጎማ» የሚባል ባንድ መጣልኝ። ሦስት ናቸው። ዘፋኟ ሳምራዊት ናት፤ ወላጆቿ ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ከአርሲ የመጡ፣ እሷ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቂታ ልጅ። የምንጫወተው ፖፕ ፓንክ ነው አለችኝ።

«ምኑ ነው ፖፑ፣ ምኑ ነው ፓንኩ?»

«ጩኸቱ ፓንክ ነው፣ እትዬ። ሰዉ አብሮ ማዜሙ ፖፕ» አለች።

ፈጣን ነው፣ ጊታሩ ያጉረመርማል፣ ከበሮው ከሰው የተጣላ ይመስላል፤ ዜማው ግን እንደሰማሁት አፌ ገባ። ግጥሙ የዘንዘልማ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ስለቆመች ልጅ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» ብሎ ሲጮኽ፣ አብሯት የተሰለፈው ፍቅረኛዋ ዘልሎ ይገባና ጥሏት ይሄዳል። ከመጨረሻው አዝማች በፊት ሁሉም መሣሪያ ድርግም ብሎ ለአራት ሰከንድ ይቆማል። ከዚያ «አንድ ሰው የቀረው» ብለው ሦስቱም ይጮኻሉ።

ቀረጻው ሁለት ቀን ፈጀ። ሳቀናብረው አራቷ ሰከንድ አስቸገረችኝ። ኮምፒውተር ሲያቆም ፈጽሞ ነው የሚያቆመው፤ ሰሚው ስልኬ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። የክፍል ዝምታ ያስፈልጋታል። የኔን ክፍል ዝምታ እንዳልጠቀም፣ በነዚያ ቀናት ጎረቤቴ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ መጋዙ ሲጮኽ ነበር የሚውለው። የጋሽ ይርጋን ዝምታዎች ከፈትሁ። አንዳቸውም አልገጠሙም። የመሪጌታን ደቂቃ የመጨረሻ አራት ሰከንድ አስገባሁ። ገጠመ፤ ለቦታው የተቀዳ ያህል ገጠመ።

ሳላውቅ አደረግሁት ብል ይቀልለኝ ነበር። አውቄ ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብሁበት። አንድ ሰው ሰምቶ እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ይመስለኛል። ያን ምስጢር ብቻዬን ይዤው መሞት ፈርቼ ነበር።

ሳምራዊት የተጠናቀቀውን ልትሰማ መጣች። ቆም ሲል ዘወር ብላ በሩን አየች። «ማን ገባ?» አለች። ማንም አልኋት። ከበሮ መቺውም እንዲሁ ዘወር አለ። «አሪፍ ነው፣ ይቀፍፋል ግን አሪፍ ነው» ተባባሉ፣ ዓርብ ቀን ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት።

በሁለተኛው ሳምንት ከተማው በሱ ተያዘ። መጀመሪያ የዘንዘልማ ሚኒባሶች፣ ቀጥሎ ባጃጆቹ፣ ከዚያ ፀጉር ቤቶቹ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሲዘልበት አይቻለሁ። የስልክ መጥሪያ ሆነ፤ ቢራ ሻጭ ድርጅት ለማስታወቂያ ጠየቃቸው፣ ሳምራዊት ከላቦራቶሪው ፈቃድ ወሰደች። እኔንም ደስ አለኝ፤ በሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ ሰው ያፏጨው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ግን ያቺ አራት ሰከንድ። ገበያ ስሄድ ከየሱቁ ዘፈኑ ይጮኻል፣ ቆም ሲል ገበያው አብሮ ቆም ይላል። ብር የሚቆጥረው እጁ ይቆማል። የባጃጅ ሾፌሮች እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ መስተዋታቸውን ያያሉ፤ አንዱን ለምን ብለው «ከኋላ ሰው የተሳፈረ ይመስለኛል፣ እትዬ፤ ባዶዬን ስሄድም» አለኝ። ሬዲዮ ላይ ደውላ ዘፈኑ ቆም ሲል ውሻዬ ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል ያለች ሴት ነበረች። አራት ሰከንድ አይደለም፣ እየረዘመ ነው የሚሉም መጡ። በባለሙያነቴ ሳቅሁባቸው፤ ቤቴ ገብቼ ግን ለካሁት። አራት ሰከንድ ነው። በማግስቱም ለካሁት።

ባሕሩ ዳር ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት ትልቅ ዝግጅት ተደረገ። ድምፁን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። መድረክ ላይ የሚጫወቱት በእጃቸው ነው፤ ቀድሞ የተቀዳ ምንም ነገር ከማሽኑ አይወጣም። ለአራቷ ሰከንድ ማይኮቹ እንዳይጮኹ ሁሉንም ዘጋኋቸው። ሰዉ ጸጥ አለ። ከድምፅ ማጉያዎቹ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ጣቶቼ የተዘጉት ማይኮች ላይ እንዳሉ ነበሩ። ሳምራዊት መግቢያዋ ደርሶ አልገባችም። አፏን ከፍታ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ሕዝቡም አልጮኸም፤ እሱም ይጠብቃል። ከበሮ መቺው ደንግጦ ሲመታ ነው ዘፈኑ የቀጠለው።

ሲጨርሱ ሳምራዊት ላቧን ሳትጠርግ ወደኔ መጣች። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሊጀምር ነበር አይደል? ሰውየው ሊጀምር ነበር።»

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኋት። በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሳምራዊት መስላኝ ከፈትሁ። ጥሩወርቅ ነበረች።

ጸጉሯ ሸብቷል፣ ቀጥናለች። እኔን አላወቀችኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ከዘንዘልማ በሚኒባስ ስመጣ አንድ ዘፈን ከፈቱ። መሐል ላይ አባቴ አለ። ሾፌሩን አስቁሜ ስጮኽ አመማት ብለው አወረዱኝ። ረዳቱ ይህን የቀዱት እትዬ ውባለም ናቸው አለኝ። የት አገኙት? አባቴ ሊጀምር ሲል እንዲያ ነው በአፍንጫው የሚስበው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።»

አስገባኋት፣ አስቀመጥኋት። «ማሽኑ አልተቀበለውም ያልሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት። «ውሸት ነበር። ማሽኑ ተቀብሎታል። ድምፃቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባዶ ቴፕ መስሎኝ በላዩ ላይ የድንች ዘር ቀዳሁበት።»

ስትናገር እርስዎ ማለቷን ትታለች።

«አንቺ ያንን ካልሽ በኋላ አገሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለች። «ድምፁን ለማሽን ሊሰጥ ሄዶ ማሽኑ እንኳ ናቀው አሉ። እግዚአብሔር አልወደደውም አሉ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ተዝካሩ ላይ ግማሾቹ ካህናት አልመጡም፣ ድንኳኑ ባዶውን ዋለ። ይሄ ሁሉ ይሁን። እኔ አመንኋቸው፣ ውባለም። የገዛ አባቴን ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው እያልሁ ስታዘበው ኖርሁ።»

ውሸቴ የት ድረስ እንደሄደ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድምፃቸውን ብቻ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር፤ ስማቸውንም አጥፍቻለሁ። አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም።

«አሰሚኝ» አለች።

ስቱዲዮ ይዣት ገባሁና ደቂቃውን ከመጀመሪያው ከፈትሁላት። ውኃው፣ ምንጣፉ። ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትቆጥራለች መሰለኝ። እኔም ቆጠርሁ። ጋሽ ይርጋ፣ መሪጌታ፣ በሩ ሥር የቆመች ልጅ፣ ማይክ የያዘች ልጅ። አራት ነን። ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለታችን አርጅተናል። ረጅሙ ትንፋሽ ሲሳብ እንደ ልማዴ ላቆመው እጄን ሰደድሁ፤ እጄን ያዘችው። ድንቹ መጣ። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ዘሩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ስንት ቀን ጥላ ውስጥ እንደሚቀመጥ።

ሲያልቅ «የአባቴ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለች። «መጥተሽ በካህናቱ ፊት ትናገሪዋለሽ። ለኔ የነገርሽኝን እንደዚሁ አድርገሽ።»

ሳምራዊት ያን ዕለት መጥታ ሁሉንም ሰማች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ዘፈኑን እናወርደዋለን» አለቻት። ጥሩወርቅ «ለምን ታወርዱታላችሁ?» አለች። «እኔን ያገኘኝ በሱ ነው። ይቆይ። ከበሯችሁ ግን ይቸኩላል፤ አባቴ ቢሰማ ይቆጣ ነበር።» ልጅቱ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች።

ቀኑ ደረሰ። በጀልባ ስሄድ ሆዴ እንደ ልጅነቴ ይጮኻል፤ ጋሽ ይርጋ ቢኖር ብዪ ይለኝ ነበር። መቅጃም፣ ስልክም አልያዝሁም። ለመናዘዝ የሚሄድ ሰው ዕቃ ይዞ አይሄድም ብዬ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና የሰፈሩ ሰው መቃብሩ አጠገብ፣ በዕድሜ ጠገቡ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሦስቱ፣ አሁን ሽማግሌዎች፣ ጥሩወርቅ ልካባቸው መጥተዋል። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ ቆምሁ።

«መሪጌታ ኅሩይን ማሽኑ አልናቃቸውም» አልሁ። «ድምፃቸው አንድም ሳይጎድል ተቀድቶ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ካጠፋሁ በኋላም ዋሽቻለሁ። እኔን ውቀሱኝ፣ የሳቸውን ስም መልሱላቸው።»

ማንም አልተናገረም። አንድ ሽማግሌ ተማሪ መቋሚያውን ተደግፎ አቀረቀረ። ልማድ ክፉ ነው፣ ዝምታ ሲሆን ሰከንዱን እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከኋላዬ፣ ከግንቡ በቀር ምንም ከሌለበት፣ በአፍንጫ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሳበ። ያቀረቀረው ሽማግሌ ቀና አለ። ሦስቱም ተማሪዎች መቋሚያቸውን አነሡ።

ጥሩወርቅ አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘች።

«ዝም በይ» አለችኝ። «አሁን ይጀምራል።»

መቅጃ አልያዝሁም ነበር። አፌን ዘጋሁና አዳመጥሁ።